ቤኪንግ ፓውደርም እርሾም ሲያልቅ፦ ለደሴና ለአካባቢው ጋጋሪዎች

ደሴ ላይ ኬክ ጀምራችሁ ቤኪንግ ፓውደር ቢያልቅባችሁ የሚመስለውን ያህል አያስደነግጥም። አንደኛ፣ ከኢንተርኔት የምናገኘው አዘገጃጀት አብዛኛው ከባህር ጠለል ብዙም ከፍ ላላለ አገር የተጻፈ ነው። እኛ ደግሞ ያለነው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ ሊጥ ውስጥ የተፈጠረው ጋዝ የሚጫነው ነገር አንሶለት ቶሎ ይለጠጣል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ልክ ለኛ ይበዛል ማለት ነው። ኬካችሁ ኦቨን ውስጥ ጉብ ብሎ ወጥቶ ከዚያ መሀሉ ስርጉድ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ እጃችሁን አትውቀሱ።

ሁለተኛ፣ ምትኩ አብዛኛው እቤት አለ። አሬራ፣ እርጎ፣ ሎሚ፣ አቼቶ፣ የጤፍ ሊጥ፣ እንቁላል። ችግር የሚመጣው የትኛው የት እንደሚገባ ሳይታወቅ በግምት ሲጨመር ነው። እንግዲህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

መጀመሪያ የጎደለው ምን ይሠራ እንደነበር እወቁ

ሊጥ ኩፍ የሚለው በጋዝ ነው። ጋዙ የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው።

እርሾ ሕይወት አለው። ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር እየበላ ቀስ ብሎ ጋዝ ያወጣል። ሰዓት ይፈልጋል፣ ሙቀት ይፈልጋል፣ ጋዙን አፍኖ የሚይዝ በደንብ የታሸ ሊጥም ይፈልጋል። ዳቦ፣ አምባሻ፣ ቦምቦሊኖ የሱ ናቸው።

ሶዳና ፓውደር ሕይወት የላቸውም። ቤኪንግ ሶዳ ጎምዛዛ ነገር ሲያገኝ ወዲያው ይፈላል፣ ካላገኘ ግን ጋዙ ያንሳል፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ያው ሶዳ ሆኖ ደረቅ አሲድና ትንሽ ስታርች አብሮት የተቀላቀለ ነው፤ አሲዱን ይዞ ስለሚመጣ ውሃና ሙቀት ብቻ ይበቃዋል። ኬክ፣ ፓንኬክ፣ ኩኪስ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ሦስተኛው በመምታት የሚገባ አየር ነው። እንቁላል ይህን ብቻውን ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። ለቀጭን ሊጥ ፈጣኑን፣ ለታሸ ሊጥ ዘገምተኛውን። ኬክ ሊጥ ውስጥ እርሾ ከትታችሁ ወዲያው ብትጋግሩ ድንጋይ ይወጣል፤ የታሸ የዳቦ ሊጥ ውስጥ ሶዳ ከትታችሁ ሌሊቱን ብታሳድሩት ደግሞ ጋዙ ሌሊት አልቆ ጠዋት የቀረ ነገር አይኖርም።

ያለው በሕይወት አለ ወይ?

ሱቅ ከመላካችሁ በፊት ቁም ሳጥኑ ጥግ ላይ የተረሳውን ፈትሹ። ብዙ ጊዜ አለ፣ ግን ሞቷል ወይስ አልሞተም የሚለው አይታወቅም።

ሶዳን ለመፈተን ሩብ የሻይ ማንኪያ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ቺስ ብሎ ከፈላ ይሠራል። ፓውደርን ለመፈተን ግማሽ የሻይ ማንኪያ በሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ በኃይል ካልፈላ ጣሉት። ደረቅ እርሾ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ላይ ከትንሽ ስኳር ጋር በጥብጡና 10 ደቂቃ ጠብቁ። አረፋ ካወጣ ደህና ነው። ውሃው ጣታችሁን የሚያቃጥል ከሆነ ግን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ፣ ለብ ማለት ለብ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለልብስ ማጠቢያ የሚሸጠው ሶዳ ሌላ ነገር ነው። ነጭ ዱቄት ስለሆነና ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ምግብ ውስጥ እንዳይገባ። ማሸጊያ የሌለው፣ በፌስታል ተቋጥሮ የተሸጠ ነጭ ነገር ምንነቱን ካላወቃችሁ ይቅርባችሁ።

ቤኪንግ ፓውደር ሲጎድል፣ ሶዳ ግን ካለ

ይህ በጣም ቀላሉ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ፓውደር የሚሠራውን ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይሠራዋል፣ ከጎምዛዛ ነገር ጋር እስከሆነ ድረስ። ጎምዛዛው ነገር ምን ይሁን ነው ጥያቄው።

የኔ ምርጫ አሬራ ነው። ፈረንጆቹ ለኬክና ለፓንኬክ ሲፈልጉት የሚውሉት ቅቤ የወጣለት ጎምዛዛ ወተት ማለት የኛው አሬራ ነው፣ እነሱ ዘንድ አሁን ሱቅ የሚገኘው አብዛኛው እንዲያውም በፋብሪካ የጎመዘዘ ወተት ነው። ከገጠር ቅቤ የምታመጣላችሁ ደንበኛ ካለች አሬራም አምጪልኝ በሏት። አይብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሁለት ኩባያ አስቀሩ። ለሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ግማሽ ኩባያ (120 ሚሊ ሊትር ገደማ) አሬራ ወይም እርጎ ይበቃል። አዘገጃጀቱ ውስጥ ካለው ወተት ወይም ውሃ ላይ ያንኑ ግማሽ ኩባያ መቀነስ አትርሱ፣ አለበለዚያ ሊጡ ሾርባ ይሆናል። አይብ ካወጣችሁ በኋላ የቀረው አጓትም ይሠራል፣ ትንሽ ደከም ይላል እንጂ።

አሬራ ከሌለ ሎሚ ወይም አቼቶ። ለሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ብዙ ቦታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ያ ሶዳውን አያጠፋውም፣ ጣዕሙ ይቀራል። አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ አድርጉ። ኬኩ ሎሚ ሎሚ ይላል ብላችሁ አትፍሩ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ጉምዛዜው አብዛኛው ይጠፋል።

አሁን የከፍታውን ነገር ጨምሩበት። አዘገጃጀቱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፓውደር ቢል፣ ደሴ ላይ ሩቡን ቀንሱና አንድ ተኩል በሉት። የሱ ምትክ ሶዳ ደግሞ ከሩብ ማንኪያ በለጥ፣ ከግማሽ ያነስ ይሆናል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅነሳው ትንሽ ይበቃል። ደላንታ ደጋው ላይ ያላችሁ ከኛም በላይ ቀንሱ። ከዚህ ሌላ ከፍታ ላይ ሊጥ ቶሎ ስለሚደርቅ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ መጨመርና የኦቨኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ይረዳል፣ ኬኩ ሳይወርድ ቆሞ ይያዛል።

አሠራሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሶዳውን ከደረቁ ዱቄት ጋር ነፍታችሁ ቀላቅሉ። ጎምዛዛውን ከፈሳሹ ጋር። ሁለቱን የምታገናኙት ኦቨኑ ሞቆ፣ መጋገሪያው ቅቤ ተቀብቶ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ከተገናኙ በኋላ ስልክ አይነሳም፣ ቡና አይቀዳም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ እሳት።

ሶዳ ሲጎድል፣ ፓውደር ካለ

ለአንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ሦስት የሻይ ማንኪያ ፓውደር። ጨዉን ቀንሱ፣ ምክንያቱም ፓውደር ሲበዛ ጨው ጨው ይላል። አዘገጃጀቱ አሬራ ወይም ሎሚ ካለው በተራ ወተት ተኩት፣ የሚያጠፋው ሶዳ ስለሌለ ጉምዛዜው ይቀራል። ኩኪስ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ባትጨምሩም ጉዳት የለውም፤ ጠፍጠፍ ይላል፣ ይሰባበራል፣ ከቡና ጋር ግን እንዲያውም ይሻላል ባይ ነኝ።

እርሾ ሲጎድል

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም የሱቅ እርሾ ማለቅ በጣም የሚያስጨንቅ መስሎ ሳለ ባለሙያዎቹ እኛው ነን። የጤፍ ሊጥ የሚያቦካ ቤት ሁሉ እርሾ አለው።

ጥቂት ቀርቶ ከሆነ። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ብዙ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ይጨምራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ቢቀራችሁ አትጨነቁ፣ በሰዓት ይካካሳል። ማታ አቡክታችሁ ከድናችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ኩፍ ብሎ ይጠብቃችኋል። ጣዕሙም በፍጥነት ከተነሳው ይበልጣል፣ ሰፈር ዳቦ ቤት የሚሸጠው ያ ባዶ ባዶ የሚለው ዳቦ የቸኮለ እርሾ ውጤት ነው።

ምንም ከሌለ፣ የጤፍ ሊጥ። እቤት ከሌለ ጎረቤት «እርሾ አውሱኝ» ማለት ነውር አይደለም፣ የሊጥ እቃ ያለው ቤት ሁሉ ሲያዋውስ የኖረ ነው። ብዙ ሰው ሲወስድ የሚሳሳተው ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ብቻ ቀድቶ መሄዱ ነው። ያ ውሃ ጎምዛዛ ነው፣ ዳቦ የሚያነሳው ጉልበት ግን ታች ሊጡ ውስጥም አለ። ስለዚህ አማስላችሁ ከሊጡ ጋር አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ውሰዱ። ሊጡ አብሲት ከተጣለበት በኋላ ሞቅ ብሎ ኩፍ እያለ ያለ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ለሁለት ክፈሉ። ግማሹን ከእርሾው ሊጥና ከ600 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ጋር በጥብጡ። ቀጭን ይሆናል፣ ይሁን። ክዳኑን ገጥማችሁ በጋቢ ጠቅልላችሁ ከእሳቱ አጠገብ አሳድሩት። ደሴ ሌሊቱ ስለሚበርድ ይህን ጋቢ አትናቁት፤ ከፍታው ሊጥን ያፋጥናል፣ ብርዱ ግን ይጎትተዋል፣ ብዙውን ጊዜ ብርዱ ያሸንፋል። ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ላይ ከሆናችሁ ማታ 4 ሰዓት ብትጀምሩ ይበቃል፣ ያለዚያ ጠዋት ኮምጥጦ ታገኙታላችሁ።

ጠዋት ላዩ ዓይን ዓይን አውጥቶ ካያችሁ ደርሷል። ቀሪውን ዱቄትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ ጥቁር አዝሙድም የምትወዱ ጨምሩ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ በደንብ እሹ። እጅ ላይ የሚለጠፈው ሊጥ ለስለስ ብሎ ሲላቀቅ ይበቃል። የኮባ ቅጠል የተነጠፈበት ድስት ወይም ምጣድ ውስጥ አስቀምጡና እጥፍ ሊሆን ትንሽ እስኪቀረው ጠብቁ። ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ አራትም። ሰዓት አትዩ፣ ሊጡን ዩ፦ በጣት ጫን ስትሉት ጎድጎድ ብሎ ቀስ እያለ ከተመለሰ እሳት ላይ ይውጣ። ወዲያው ቱር ብሎ ከተመለሰ ገና ነው። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል፣ ቶሎ ጋግሩት።

ዳቦው ትንሽ ጠቆር ይላል፣ ትንሽም ይጎመዝዛል። ለማይወዱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ማር ይጨመር። ከተሳካላችሁ ደግሞ ከመጋገራችሁ በፊት ጡጫ የምታህል ሊጥ ቆርጣችሁ በዱቄት አንከባሉና ክዳን ባለው እቃ አስቀምጡ። የሚቀጥለው ዳቦ እርሾ ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ጤፉ እየጠፋ ስንዴው ብቻ ይቀራል፣ ሱቅ እርሾ መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ሊጥ አቡኪ ጎረቤት ከሌለ ከባዶ ማስጀመር ይቻላል፣ ግን ሳምንት ይፈጃል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያልተነፋ የስንዴ ወይም የጤፍ ዱቄት፣ ያንኑ ያህል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። በየቀኑ ግማሹን ጣሉና ያንኑ ያህል አዲስ ዱቄትና ውሃ ጨምሩ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይፈላል፣ ይሸታልም። ሰው ደርሷል ብሎ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ያ እርሾ አይደለም፣ ሌላ ተሐዋሲ ነው። ከዚያ ዝም ይላል፣ ሰው ሞተ ብሎ የሚጥለውም እዚሁ ላይ ነው። አትጣሉት። ጉምዛዜው ከፍ ሲል እርሾው ይነሳል፣ ከተመገበ በኋላ በጥቂት ሰዓት እጥፍ ሲሆን ዝግጁ ነው። ደሴ ላይ እስከ 10 ቀን ሊሄድ ይችላል። ሮዝ ወይም ብርቱካንማ ቀለም ወይም ሻጋታ ካሳየ ግን ያለ ርኅራኄ ወደ ቆሻሻ።

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት አተላው ውስጥ ሕያው እርሾ አለ፣ ሊጥ ያነሳል። ግን ጌሾው ይመራል፣ መጠጥ የማይገባበት ቤት ደግሞ ከነጭራሹ አይነሳም፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ እንግዳችሁ ማን እንደሚሆን አይታወቅም። የጤፉን እርሾ ሁሉም ይበላዋል።

ዛሬውኑ ዳቦ ከተፈለገስ? እርሾውን ተዉትና በሶዳና በአሬራ ጋግሩ። አራት ኩባያ ዱቄት (ግማሽ ኪሎ ገደማ)፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ አንድ ተኩል ኩባያ አሬራ። የአየርላንዶች ባህላዊ ዳቦ ይኸው ነው፣ እነሱ ሙሉ ማንኪያ ሶዳ ይጨምራሉ፣ እኛ በከፍታው ምክንያት ቀነስን። አትሹት። በእጅ ሰብሰብ አድርጋችሁ ሦስት ጣት ውፍረት ባለው ክብ ጠፍጥፉት፣ ላዩን በቢላ መስቀለኛ ሰንጥቁ። ኦቨን ካለ በ200 ዲግሪ 40 ደቂቃ። ከሌለ ምጣድ ላይ በዝግተኛ እሳት አክንባሎ ገጥማችሁ፣ 20 ደቂቃ ሲሆን ገልብጡት። ስሩን ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ካሰማ በስሏል። በዕለቱ ይበላ፣ ነገ ይደርቃል።

ምንም፣ ምንም ከሌለ

እንቁላል አለ? አራት እንቁላል፣ 120 ግራም ስኳር፣ 120 ግራም ዱቄት። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ አምስት አድርጉት። እንቁላሉንና ስኳሩን በሳህን አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ላይ ለብ እስኪል አሙቁና ምቱ። ሚክሰር ካለ 8 ደቂቃ፣ በእጅ ከሆነ ከጎረምሳ ጋር እየተፈራረቁ። መምቻውን ስታነሱት ወደ ታች የሚወርደው ክር ላዩ ላይ ለአፍታ ሲቆይ ይበቃል። ከዚያ ማለፍ የለበትም፣ ከፍታው ላይ ከመጠን በላይ የተመታ እንቁላል ተነፍቶ ተነፍቶ ይፈነዳል። ዱቄቱን በሦስት ዙር እየነፋችሁ ከታች ወደ ላይ በቀስታ አዋህዱ። በ180 ዲግሪ፣ 25 ደቂቃ፣ እስከ 20ኛው ደቂቃ ድረስ በሩን የከፈተ ወዮለት።

ለፓንኬክና ለተጠበሰ ነገር ሽፋን አምቦ ውሃ ይሠራል። አሁን የተከፈተ፣ ቀዝቃዛ ይሁን፤ በውሃው ወይም በወተቱ ቦታ ይግባና ወዲያው መጥበስ ነው። ለኬክና ለዳቦ ግን ከአምቦ ብዙ አትጠብቁ።

ጾም ከሆነና እንቁላልም አሬራም የማይነካ ከሆነ ይህን ያዙ፦ አንድ ተኩል ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በደረቁ ቀላቅሉ። በሌላ እቃ አንድ ኩባያ ውሃ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። አገናኙ፣ ወደ 180 ዲግሪ ኦቨን፣ 30 ደቂቃ። ጾመኛም ሙስሊም እንግዳም አንድ ላይ ቁጭ ብለው የሚበሉት ኬክ ነው።

ሲበላሽ

ሳሙና ሳሙና ካለ ሶዳው በዝቷል ወይም ጎምዛዛው አንሷል። መሀሉ ከሰረጎደ ሶዳው ወይም ፓውደሩ በዝቷል፣ ወይም እሳቱ ደክሟል፣ ቀጣዩ ላይ ሩብ ቀንሱ። ኬኩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ሶዳው አልተነፋም፣ ጓል ሆኖ ገብቷል። የእርሾው ዳቦ ታፍኖ ከቀረ ወይ በርዶታል ወይ ቸኩላችኋል። ከመጠን በላይ የኮመጠጠ ሊጥ ደግሞ አይጣልም፦ ለአንድ ኪሎ ዱቄት ሊጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ልክ ከመጋገራችሁ በፊት እሹበት። ጉምዛዜውን ይቀንሰዋል፣ እግረ መንገዱንም ያነሳዋል። የተረፈ የእንጀራ ሊጥ ላይም በዚያው መንገድ አንድ እንቁላል፣ ስኳርና ቁንጥር ሶዳ ብትጨምሩበት ለልጆች ቁርስ የሚሆን ፓንኬክ ይወጣዋል።